ለተማሪዎቹ የተረፈችው ቦታ

ቡሬ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት የሁሉም ፋይል በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ስጭን ዲስኩን እንዴት እንደምከፋፍለው ሻይ እየጠጣሁ አቀድኩ። ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ከአንድ ፎልደር ጋር ይያያዛል፤ ተጠቃሚው ፎልደሩን እንጂ ከኋላው ያለውን ወሰን አያይም። ለሲስተሙ የሚበቃውን፣ ለመምህራኑ ቪዲዮ ሰፊውን ሰጠሁ። የተማሪዎቹ ሥራ ለሚቀመጥበት «ሆም» ደግሞ የተረፈችውን ቁራሽ ወረወርኩ። የገጠር ልጆች ናቸው፣ ስማቸውንና ሁለት መስመር ጽፈው ይወጣሉ፣ ሰፊ ቦታ ምን ያደርግላቸዋል አልኩ። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ስንቄን ተሸክሜ ከገጠር እየተመላለስኩ የተማርኩት ሰውዬ!

በከተማው ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት ልጅ ስለ አባቷ ንቦች ትጽፍ ነበር። ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ስትሄድ አባቷን ትጠይቃለች፣ ሰኞ መጥታ ትጨምርበታለች፤ ንቦቹ አዲስ ቀፎ እንዴት እንደሚለምዱ፣ መንጋው ሊሸሽ ሲነሳ አባቷ ምን ብለው እንደሚለምኑት። አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆሜ አነበብኩ። በጣም ደስ አለኝ፤ ግን ሳላበረታታት ወደ ሌላው ተማሪ ሄድኩ።

ጥር ላይ ሆም ሞላ። የሞላው በሌሎቹ ተማሪዎች ፎቶና ዘፈን ነው፤ ያጠበብኩት ግን እኔ ነኝ። የመምህራኑ ክፍል ባዶውን ተንጣሎ ሳለ፣ ወሰን ስላለ ለጎረቤቱ ቦታ አይሰጥም። ልጅቷ የጻፈችውን ልታስቀምጥ ስትል ኮምፒውተሩ የቀድሞውን አጥፍቶ አዲሱን የሚያኖርበት አጣ። ስከፍተው ፋይሉ ባዶ ነበር። ሌላ ቅጂም አልያዝኩም።

«ጠፋ?» አለችኝ።

«ጠፋ።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «የኔ ጥፋት ነው ቲቸር፣ አብዝቼ ጻፍኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ተማሪዎቹ ሁሉ ያዩኝ ነበር። «አይዞሽ» ብዬ አለፍኩ። አይዞሽ! ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ያን ሳምንት ዲስኩን እንደገና ከፋፍዬ ሰፊውን ለተማሪዎቹ አደረግኩ። ልጅቷንም ለብቻዋ ጠርቼ ጥፋቱ የኔ እንደነበር፣ አሁን የፈለገችውን ያህል መጻፍ እንደምትችል ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች።

ስለ ንቦቹ እንደገና ጀምራለች። ግማሽ ገጽ ስትደርስ እጇን ታነሳና «ቲቸር፣ ይበቃል?» ትለኛለች።