የኤሊሂዮ ሃያ ሦስት

ኤሊሂዮን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሃያ ሦስቱ ነው። በስኳር ፋብሪካችን የቤዝቦል ውድድር፣ በአንድ የጨዋታ ዘመን ሃያ ሦስት ሆም ራን መታ። ሃያ ሦስት ጊዜ ኳሷን ከአጥሩ አሻግሮ ሸንኮራው ውስጥ ጣላት። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ጎረምሳ ዱላውን እየወዘወዘ መጣ፣ ስንቱስ ፎክሮ ሄደ! ማንም አልደረሰበትም። በሜዳው የግራ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «ኤሊሂዮ 23» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ፋብሪካው ያድሰዋል።

ሌላ ምን ነበረው? ምንም። ዕድሜውን ሙሉ የሸንኮራ ትራክተር ሲነዳ ወገቡ ተቆረጠ፤ ጡረታው ለስም ያህል ነው። እሱንና ሚስቱን ኤኔሪያን እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እሁድ እሁድ ግን ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ሜዳ ሲመጣ በሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ብድግ ይሉለታል፤ «ዶን ኤሊሂዮ፣ በዚህ በኩል ይለፉ» ይሉታል፤ ዶን የምንለው ለተከበረ ሰው ነው። እኔ በሩ ሥር ያኒኬኬ የሚባለውን የሊጥ ጥብስ ስለምሸጥ ይህን ሳይ ነው የኖርኩት። ጥብሴን በነጻ ይበላል፣ ከበላ በኋላ ደግሞ «ጨው አንሶታል» ይለኛል። ጉረኛ!

ኤኔሪያ አበልጄ ናት፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። በሰፈራችን መርፌ የምትወጋውም እሷ ነበረች። ነርስ አይደለችም፣ እጇ ግን አያምም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ሰልፉም አይጣል ነው። መድኃኒቱን ገዝተሽ ትሄጃለሽ፣ «ዞር በይ» ትልሻለች፣ አለቀ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሁሉም ሰው ቫይታሚን ይወጋል፤ ደም ያነሰው፣ ምግብ የዘጋው፣ ባሏ የሄደባት ሳትቀር። ስለዚህ ቫይታሚን ነው ከተባለ ማንም ምንነቱን አይጠይቅም። እሷም አትጠይቅም ነበር።

ዴይቪ ሌላው የክርስትና ልጇ፣ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አሜሪካኖች ወስደው ሞክረውት፣ ጉልበት ይጎድልሃል ብለው መልሰውት ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በቤዝቦል ደግሞ እስከ ሃያ አራት ዓመቱ ሳይቀጠር የቀረን ሰው ሽማግሌ በሉት። እንዲህ ቅስሙ ተሰብሮ ሳለ ፕሪሚቲቮ የሚባል፣ አሠልጣኝ ነኝ ባይ፣ ተጠጋው። ልጁን አጠንክሮ ላሜሪካኖቹ መልሶ ሊሸጠው ነበር ሐሳቡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ኤኔሪያ ግቢ መጡ። እኔም እዚያው ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር።

«ዶኛ ኤኔሪያ፣ ልጅዎ ከስቶብኛል» አላት ፕሪሚቲቮ። «ቫይታሚን ይዤለት መጥቻለሁ።»

ብልቃጡን ተቀብላ አገላበጠችው። ጽሑፉ የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከላዩ ፈረስ ተሥሎበታል።

«ይሄ ፈረስ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩ።

«ወገብሽን የምታሺበት ቅባት ላይስ ፈረስ የለም?» አለችኝ። «እሱን ስትቀቢ አሽካካሽ እንዴ?»

በሳቅ ፈረስን። እውነቷን ነው፤ በየቤታችን ያለው የወገብ ማሻ ፈረስ አለበት። ብርታት ለማለት ነው ብለን ነው እንጂ የምናስበው፣ ለፈረስ የተሠራ ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? ዴይቪ ሱሪውን ዝቅ አደረገ፤ ወግታ ስታበቃ ግንባሩን ሳመችው።

ከዚያ ሳምንት በሳምንት ይመጣ ጀመር። ትከሻው አበጠ፣ አንገቱ ወፈረ፣ ጀርባው ብጉር በብጉር ሆነ። ኳሷም እንደ ጉድ ትበር ጀመር! «አየሽ፣ ቫይታሚኑ ተስማማው» ትለኛለች ኤኔሪያ በኩራት። ሃያ አራተኛውን በመታ ዕለት ኤሊሂዮ ወገቡን ይዞ ሜዳ ገባና በሰው ሁሉ ፊት አቀፈው። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥቶ ጥብስ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት፣ በእጁ ይዞት ቀዘቀዘ እንጂ አልበላውም። ዴይቪ የዚያን ዘመን ጨዋታ በሠላሳ አንድ ጨረሰ፤ ግድግዳው ታጠበና «ዴይቪ 31» ተጻፈበት። በሚቀጥለው ዘመን መክፈቻ ኤሊሂዮ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሲመጣ በሩ ላይ አንድም ሰው አልተነሣም። ክፋት አይደለም፤ ረስተውት ነው። ለእሱ ግን ከክፋት የባሰ ነበር፣ አንጀቴን በላኝ።

አሜሪካኖቹ ዴይቪን መልሰው ጠሩት፤ ሽንቱን ሲመረምሩት ጊዜ ግን ጉዱ ወጣ። ለፈረስ የሚወጋ የጡንቻ መድኃኒት ነው አሉ። ባዶ እጁን ተመለሰ፤ የዋና ከተማችን የሳንቶ ዶሚንጎ ሬዲዮም ስሙን እየጠራ አወራበት። በዚሁ ሰሞን የጎረቤት መንደር ተጫዋች፣ እሱም የፕሪሚቲቮ ሰው፣ ጉበቱ ተበላሽቶ ሞተ። ፕሪሚቲቮ ታሠረ፤ ፖሊስ ደግሞ መርፌውን ማን እንደወጋ አጥብቆ ይፈልግ ጀመር። የሞተውን ልጅ ኤኔሪያ አልወጋችውም፤ ግን ማን ይለይላታል?

ኤኔሪያ ለባሏ ምሳ ላይ ነገረችው። «ዴይቪን የወጋሁት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስትህን በገዛ እጄ ገደልኩት።»

«ቫይታሚን ነው ብለውሽ ነዋ» አለና ሩዙን ቀጠለ። ይህን የነገረችኝ እያለቀሰች ነው።

ከዚያ የውድድሩ ሊቀመንበር ፔሌግሪን በክበቡ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ሰዉ ጢም አለ። ሁለት ፖሊሶች ከኋላ ተቀመጡ። ዴይቪም ነበር፤ ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

«ዴይቪ መድኃኒቱን የወሰድኩት እዚያ አሜሪካ ነው፣ እዚህ ቫይታሚን ብቻ ነው የተወጋሁት ይላል» አለ ፔሌግሪን። «እዚህም ያው መድኃኒት እንደተወጋ የሚመሰክር ካለ ይነሣ። ቁጥሩን ሰርዘን የዶን ኤሊሂዮን እንመልሳለን።»

ኤኔሪያ አጠገቤ ናት። የፊቷን ወንበር ያዘችና ልትነሣ ቂጧን አላቀቀች። በዚህ ጊዜ ኤሊሂዮ ትከሻዋን ተደግፎ፣ እሷን ወደ ታች እየተጫነ፣ እሱ ተነሣ።

«የልጁን ቁጥር ተዉለት» አለ። «እኔም ያኔ እወጋ ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ማን ነበር የሚወጋህ?» አለ ፔሌግሪን። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ነበር የሚለው።

«ሞቷል።»

ከኋላ አንዱ ባለጌ «ዶን ቫይታሚን!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ ለቀቀ። ፔሌግሪንም «እንግዲያውስ ሁለቱም ያው ናቸው» ብሎ ዘጋው፤ ሠላሳ አንዱ ጸደቀ። እኔ የማውቀውን ልናገር? አበልጄን ወህኒ ላስገባ? አፌን በእጄ ያዝኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ኤኔሪያ መንገድ ላይ ደረቱን በቡጢ ትደበድበው ጀመር። «ለምን? ለምን ዋሸህ? ልናገር እኮ ነበር!»

«አይቻለሁ፤ ተነሥተሽ ነበር።»

«ሃያ ሦስትህስ?»

«ሃያ ሦስቱ ሾርባ አይሠራልኝ» አለና ብቻውን ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

ከዚያ በኋላ «ዶን ቫይታሚን» ስሙ ሆኖ ቀረ። በሩ ላይ የቆሙት «ዛሬስ ተወግተሃል?» ይሉታል። ሁለት እሁድ ቻለው፤ ከዚያ መምጣቱን ተወ። ኤኔሪያም መርፌ ዳግመኛ አልነካችም። ኤሊሂዮ ዝናቡ ሲገባ በተቀመጠበት ልቡ ቀጥ አለች።

እኛ ዘንድ ኳስ ተጫዋች ሲሞት ሬሳው በሜዳው በኩል ነው የሚያልፈው። ሣጥኑ በሩጫው መስመር አራቱንም ማዕዘን ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መቃብር የሚሄደው። ተራ ኳስ አቀባይ እንኳ አይከለከልም። ሣጥኑን ይዘን ስንደርስ በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ዘበኛው በዚያ በኩል ቆሟል።

«ላጭበርባሪ አይከፈትም ተብሏል» አለ። «ይቅርታ፣ የኔ ትእዛዝ አይደለም።»

ኤኔሪያ ከራሷ ላይ ጥቁር ሻሿን ገፈፈችና መሬት ጣለችው።

«ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ዴይቪን የወጋሁት በዚህች እጄ ነው! ኤሊሂዮ በሕይወቱ መርፌ ነክቶት አያውቅም፤ ይፈራ ነበር፣ እኔ ሚስቱ እንኳ መርፌ ይዤ ስመጣ ከቤት ይሮጥ ነበር!»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። አንዲት ሴትዮ «አይዞሽ የኔ እናት» አለቻት፤ ሌላው «ኀዘን ነው የሚያናግራት» ብሎ ሹክ አለ።

«እውነቷን ነው! እኔም ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ!» አልኩ እኔ።

«አንቺማ አበልጇ ነሽ፣ ምን ትበይ» አለኝ ዘበኛው።

ከሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ዴይቪ ነበር። ያ ሁሉ ጡንቻ ሟሽሾ፣ ከግድግዳው ላይ ስሙ በቀር የቀረው ነገር የለም። ኤኔሪያ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ንገራቸው ልጄ» አለችው። «አፈር ስሆንልህ፣ አንድ ቃል።»

ዴይቪ ከእሷ አሻግሮ በበሩ ፍርግርግ ውስጥ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ሣጥኑን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ወደ መቃብሩ መንገድ ዞረ። ሌሎቹም ተከተሉት።