መድኃኒቱን ያቋረጡት በያጅ

ልደታ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ የደም ግፊት መለኪያ ነበር። ጨርቁን አንዲት ሴትዮ ክንድ ላይ ጠቀለልኩ፤ ነፋሁ፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ከኮሪደሩ ጫጫታ በቀር ምንም አልሰማሁም። መጠየቁ አሳፈረኝና ካርዱ ላይ 120/80 ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊዬ ሲስተር የሺ ደግመው ለኩ።

«የሴትዮዋ ላይኛው ቁጥር 170 ነው። ይህን ከየት አመጣሽው?»

«አልሰማሁም ነበር።»

«ካልሰማሽ አልሰማሁም በይ። በግምት የጻፍሽው ቁጥር ሰው ይገድላል።»

አንድ ወር ሙሉ ልኬት ላይ ብቻ አስቀመጡኝ። ታካሚውን ማሳረፍ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል ማድረግ፣ አየሩን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ለመድኩ። የመጀመሪያው ምት ሲሰማ ላይኛው ቁጥር ነው፤ ልብ ተጨምቆ ደሙን ሲገፋ ያለው ግፊት። ድምፁ ሲጠፋ ታችኛው ነው፤ ልብ ሲያርፍ ያለው።

ጋሽ ተካ የመጡት ከዓመታት በኋላ ነው። ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ በያጅ ናቸው። እጃቸውን ብረት ቆርጧቸው ቁስሉ እንዲሰፋላቸው መጥተው ስለካቸው 190/110 ሆነ። አሳርፌ ደገምኩት፤ ያው ነው።

«ጋሽ ተካ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል።»

«ምንም አላመመኝም እኮ ልጄ። እኔ የመጣሁት ለእጄ ነው።»

«ክፋቱ እሱ ነው፤ ሳያምም ይጎዳል።»

ሳቁብኝ። ሰንጋ ተራ የሚገጠም በር አለብኝ ብለው ሄዱ፤ በቀጠሯቸውም ቀሩ።

እኔ ግን አልተውኳቸውም። በምሳ ሰዓት መለኪያውን በቦርሳዬ ይዤ ወርክሾፓቸው ድረስ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ መለሱኝ። በሦስተኛው መነጽራቸውን አውልቀው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«ካንቺ ለመገላገል ነው፤ ለኪ በቃ።»

ላይኛው ቁጥር 195 ነበር። ቁጥሩን ራሳቸው አዩት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ መጡ፤ ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ጨውም ቀነሱ። በሦስተኛው ወር 130/80 ገባ። ደስ ብሎኝ ካርዱ ላይ «ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ጠፉ። አንድ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እየሮጡ ገቡ።

«ሲስተር፣ አፉ ጠመመብኝ! እጁም አልታዘዝ አለው!»

ጋሽ ተካ በር ላይ ታክሲ ውስጥ ነበሩ። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ስንልካቸው እትዬ ብርቄን ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኳቸው።

«ተሻለኝ ብሎ ከተወው ሁለት ወር ሆነው።»

አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ተረፉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን የብየዳ መሣሪያ መያዝ አልቻለም። ከወራት በኋላ በከዘራ መጡ።

«ድኛለሁ ብዬ እኮ ነው የተውኩት» አሉኝ።

«ጥሩ» ብዬ ስጽፍ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የያዘው መድኃኒቱ እንደሆነ አንድም ቀን በግልጽ አልነገርኳቸውም።

«ጥፋቱ የእኔም ነው ጋሽ ተካ። መናገር ነበረብኝ።»

«እንግዲያው ለሌሎቹ ንገሪያቸው» አሉ።

በሳምንቱ የሰፈራቸውን ስድስት በያጆች ሰብስበው አመጡና ወንበር ላይ በተራ አስቀመጡልኝ። የሁለቱ ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒት ጀምረው ቁጥሩ ቢወርድም እንዳያቋርጡት ሁለቱንም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጋሽ ተካ ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ ግፊቱ በመድኃኒት የወረደለት ሰው ድኗል ማለት አይደለም። ቁጥሩ በተስተካከለበት ቀን ይህን ንገሩት፤ የተረዳውንም መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ።