ከማክሰኞ እስከ ዓርብ

በጃንሆይ ጊዜ ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ እየጫንኩ ገበያ ለገበያ እዞር ነበር። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሆሳዕና አጠገብ ካለው ቤታችን እወጣለሁ፤ ዶዮገናን፣ ሺንሺቾን፣ በመካከል ያሉትንም ትንንሽ ገበያዎች አዳርሼ ቅዳሜ ማታ እገባለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰኞ ደግሞ መንገድ። እንዲህ እያልን ከሚስቴ ጋር አምስት ዓመት ኖርን፤ ልጅ አልመጣም።

ጉድለቱ ከማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ያኔ ነገሩ የሴቲቱ ነው ተብሎ ያለቀ ነበር። እናቴ ሥር እያስወቀጠች አጠጣቻት፤ ሆድ የምታሽ አሮጊትም ከሞርሲቶ አስመጣች። ሚስቴ የሰጧትን ሁሉ ጠጣች። እያስመለሳት እንሰት ስትፍቅ አይቻለሁ፤ ምንም አላልኩም። ማለት ነበረብኝ።

ታላቅ ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዘር እንዳይጠፋ ነው የሚያስበው። አንድ ቀን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝና፣ «ለመስቀል ሌላ ሚስት እናመጣልሃለን። ይቺን ወደ አባቷ እንሸኛታለን» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ያግደኛል» አልኩት።

«ቤተ ክርስቲያን ይወልድልሃል?»

መስቀል ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቶታል። ሚስቴ የከምባታ ልጅ ናት፤ አባቷ ዶዮገና በኩል ነው። የተባለውን ስነግራት አላለቀሰችም። «ክሊኒክ ውሰደኝ» አለች።

ቁስል የሚያጥበውና መድኃኒት የሚሰጠው የክሊኒኩ ድሬሰር ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከአማርኛ ሌላ የማያውቅ ሰው ነበር። እሷ ደግሞ ያኔ አማርኛ አትችልም። አስተርጓሚው እኔው ሆንኩ።

«የወር አበባዋ የሚመጣው መቼ ነው?» አለኝ።

አምስት ዓመት አብሬያት ስኖር ጠይቄያት አላውቅም። መሬት መሬት እያየሁ በከምባትኛ ጠየቅኳት። እሷ አላፈረችም። የነገረችኝን መልሼ «በየአራት ሳምንቱ፣ ቅዳሜ ትላለች» አልኩት።

«ሁልጊዜ ቅዳሜ? እርግጠኛ ናት?»

«እሱ ከገበያ የሚገባበት ቀን ነው፤ እንዴት ይጠፋኛል በለው» አለች። ተረጎምኩለት፤ ሳቀ።

«አንተስ ቤት የምታድረው መቼ መቼ ነው?»

«ቅዳሜና እሑድ።»

ሳቁን ተወ። ከቆርቆሮ ነጭ ኪኒን አፍስሶ ጠረጴዛው ላይ ሰባት ሰባት እያደረገ በአራት ረድፍ ደረደረ። «አንዱ ኪኒን አንድ ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ደሟ የሚመጣበት ቅዳሜ ነው» አለ። ከየረድፉ የቅዳሜንና የእሑድን ወደ እኔ ገፋቸው። «እነዚህ ያንተ ናቸው።» ቀጥሎ በሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ያሉትን አራቱን በጣቱ ነካ። «እንደሷ በአራት ሳምንት ለሚመጣባት ሴት ፅንስ የሚያዘው እዚህ አካባቢ ነው፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ። በነዚህ ቀናት የት ነህ?»

«ዶዮገናና ሺንሺቾ።»

«ታዲያ ልጁ ከማን ይምጣ?»

ከዚያ ምክሩን ነገረን። ሥር መጠጣቱን ትተወው፤ ሸክም ይቀነስላት፤ ወተቱም ጎመኑም አይጉደልባት። አንተም ስትደክም ውለህ በጨረፍታ ከምትመጣ አርፈህ ተቀመጥ፤ በዚያ ሳምንት ቤትህ ሁን። በአንድ ወር አይሆንም፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል አለ። ኪኒኖቹን ሰብስቦ ወደ ቆርቆሮው መለሳቸው።

«አንዱን እንኳ አይሰጠንም?» አለች ሚስቴ።

«የራስ ምታት ነው በላት» አለኝ።

እኛ ዓመት አልነበረንም። ቢሆንም ሳምንቱ ሲደርስ ቀረሁ። ወንድ ልጅ በሥራ ቀን ቤት ከዋለ ታሟል ማለት ነው። ለእናቴ የበቅሎዋ ጀርባ ቆስሏል አልኳት። ወጥታ ኮርቻ የሚያርፍበትን በእጇ ዳበሰችው።

«በቅሎዋ ደህና ናት፤ አንተን ምን ነካህ?»

«ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

«ጎረምሳ በማክሰኞ ይደክመዋል?» ብላ ገባች። እውነቱን ለእናት እንዴት ይነገራል። ገበያተኞቹም በሚቀጥለው ሳምንት አልማሩኝም። «አስራው ከርማ ይኸው ሚስቱ ፈታችው» ይሉኛል። እነሱ ይሳቁ ብዬ አቡጀዲዬን እለካለሁ።

በየወሩ አንድ ሳምንት እየቀረሁ አራት ወር አለፈ። በአራቱም ደሟ በቀኑ መጣ። ሐምሌ ላይ «ልብሴን ልሰብስብ መሰለኝ» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ። በዝናቡ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ነሐሴን ከነጭራሹ አልወጣሁም።

መስከረም ገብቶ መስቀል ሲቃረብ ወንድሜ ሊድርልኝ ያሰባትን ልጅ ወገኖች አነጋግሮ፣ ቀን ቆርጦ መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ እናቴን አስጠራት። ሚስቴ ቀደመቻት። እኔ እየሰማሁ፣ በዚያች በለመደቻት ጥቂት ሀዲይኛ፣ «እማማ፣ ቅዳሜዬ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ቡናም ይሸተኛል» አለቻት።

እናቴ ሥሩን ያስወቀጠች፣ የሌላ ሚስት ወሬ ሲነሳ ዝም ያለች ሴት ናት። ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣች።

«ዘንድሮ አይሆንም» አለችው ወንድሜን።

«ሰዎቹ ቃል ተሰጥቷቸዋል እኮ።»

«ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ፤ አንተው መልሰው።»

ሚስቴ ያለችውን ከደጅ ሰምቶ ኖሯል። «ፅንሱ ቢወርድስ?»

«አፍህን ያዝ። ሂድ አሁን።»

ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ወንድሜ ቅቤ በቅል ይዞ መጣና ምን እንደሆነች ጠየቀ። ነገሩት።

«እንግዲህ ወንድ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አለ።

«ይጠብቃ» አለች ሚስቴ ከጓዳ፤ «እዚህ ቤት መጠበቅ ለማን ብርቅ ነው?»

እናቴ የቡላ ገንፎ አቀረበችለት። በላ። ስለ ሌላ ሚስት ከዚያ ወዲያ አላነሳም።