ለብቻ የተሠራ አልጋ

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ድርቤ አራተኛ ወሯን ስትይዝ ባሏ ዋጋሪ አንዲት ጠባብ አልጋ ሠርቶ ውጪኛው ክፍል ውስጥ ዘረጋት። ነቀምቴ ገበያ አጠገብ አናጺ ነውና አልጋ መሥራት አያቅተውም። «እንዳላጣብብሽ ብዬ ነው» አላት፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮም እዚያ ተኛ።

መጀመሪያ ላይ አልከፋትም። በማቅለሽለሹ ሰሞን የባሏ ልብስ የእንጨት ሽታ እንኳ ያስጠላት ስለነበር ብቻዋን መተኛቱ እፎይታ ሆነላት። አምስተኛው ወር ሲገባ ግን ማቅለሽለሹ ተዋት፤ ምግብ ጣማት፤ ገላዋም ባሏን ፈለገ፣ ከሠርጓ ሰሞን በበለጠ። አፈረች። እርጉዝ ሴት እንዲህ ትሆናለች ሲባል ሰምታ አታውቅም። አንድ ጠዋት ቁርሱን አቅርባ እጁን ብትይዘው፣ ቀስ ብሎ አስለቀቃትና መጋዙን አንሥቶ ወጣ። ድርቤ ያበጠ እግሯን አየች፤ ማድያት የወጣበትን ፊቷን በመስታወት አየች። «አስጠላሁት» አለች በልቧ።

ለምርመራ ክሊኒክ በሄደች ቀን አዋላጇን አዴ የሺወርቅን ጠየቀቻቸው። ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ ላይ ያረጁ ሴት ናቸው፤ አገሬው በአክብሮት «አዴ»፣ እመት እንደማለት፣ ይላቸዋል።

«አዴ፣ ነውር ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። በእርግዝና ጊዜ ከባል ጋር መተኛት ልጁን ይጎዳዋል?»

«ደም አይተሻል? ቁርጠትስ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው አይነካውም። ሆድሽን እንዳይጫንሽ ብቻ ተጠንቀቁ። ደም ካየሽ ግን ትታችሁት ቶሎ ወደኔ ነይ። መፈለግሽም በሽታ አይደለም ልጄ፤ አንዷን ያስጠላታል፣ ሌላዋን እንዳንቺ ያደርጋታል።»

ዋጋሪ ለምሳ ሲመጣ ይህንኑ ነገረችው። የጠቀለለውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰው።

«የመጀመሪያውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት በሦስተኛ ወሯ አስወርዷት ነበር፤ በዋዜማው አብረው ተኝተዋል። ያኔ እናቱ «ማል ጎቴ? ምን አደረግሃት?» ብለው ሲጠይቁት ጥፋቱ የራሱ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተነፈሰም።

«እኔ ደግሞ አስጠላሁህ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ!» ድርቤ ተቆጣች፤ ሳቀች፤ መልሳም አለቀሰች።

ዋጋሪ ግን ልቡ አላመነም። በማግስቱ ጥርሴን አመመኝ ብሎ ክሊኒክ ሄደ። አዴ የሺወርቅ ጥርስ እንደማይነቅሉ ሲነግሩት እየተንተባተበ የመጣበትን አወጣ።

«ያ ፅንስ ባንተ የተነሣ አይደለም የወረደው» አሉት። «ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከራሱ ከፅንሱ ነው። ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች።»

የዚያን ቀን ሥራ አልገባም። ጠባቧን አልጋም በሳምንቱ ከጉቴ መንደር የመጣ አንድ ሰው ገዝቶ ወሰዳት።

ስምንተኛው ወር ላይ ድርቤ ደከማት። «አሁንስ አልፈልግም፤ ወገቤን ብቻ አሸት አሸት አድርግልኝ» አለችው። ዋጋሪ ሻካራ እጁን ቅቤ እየቀባ አሸላት፤ አላኮረፈም።

ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ደረሳ አሉት። ከወሊድ በኋላም ፍላጎቷ ለብዙ ወራት አልተመለሰም፤ ያንንም ሳትደብቅ ነገረችው፤ ጠበቃት። ሁለተኛዋን ማርገዟን ባወቁ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ምን ደስ ይልሻል? ምንስ ያስጠላሻል?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ጎመኗን እየከተፈች አንድ በአንድ ነገረችው።