አባባ ለዘፋኙ ዓሣ ተነሡ

ዛሬ መካነ ሰላም፣ እህቴ ቤት፣ አባባ ለአንድ የፕላስቲክ ዓሣ ብድግ ብለው ቆሙ።

ዓሣውን ከደሴ ያመጣችው እህቴ ናት። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ጭንቅላቱን አዙሮ፣ ጭራውን እያማታ ይዘፍናል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ተከራክረን ሳንጨርስ እሱ መዝፈን ጀመረልን።)

አባባ ቄስ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ዘፈኑን ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ጥለው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ።

የእህቴ ልጆች ሳቁ። እኔ ግን ያንን እጅ አወቅሁት።

በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ በድምፅ ማጉያው መዝሙር ሲጀመር ሁሉም እንዲህ ነበር የሚቆመው። የአባባ ታናሽ ወንድም አንድ ቀን እግሩን አሞት ሳይነሣ ቀረ። ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

«አብሽሩ አባባ፣ መጫወቻ እኮ ነው» አለች እህቴ።

«አውቃለሁ» አሉ እጃቸውን ሳያወርዱ። «አንቺም ተነሺ።»

ተነሣች። እኔ ሄጄ ባትሪውን አወጣሁት። ዓሣው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

አባባ ጸጥታውን ትንሽ አዳመጡና ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ «ሌላው ሰው ተቀመጠ?»

እናንተስ ቤት፣ እስካሁን ያልተቀመጠ ማን አለ?