አባቴ እንዲገቡባት ዝቅ ያደረግኋት መኪና

መኪናዋን ዝቅ ማስደረግን ያሰብሁት እኔ ልሁን ወይስ የሥራ ባልደረባዬ ሹክ ያለኝ ሐሳብ ይሁን ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ምክንያቱን ግን አልረሳሁትም። አባቴ ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው በኋላ ቀኝ እግራቸው ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ አልነሣ አለ። የእኔ መኪና ደግሞ ከፍ ያለች ነበረች። ወንበሯ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እንኳ ያን እግር ወደ ውስጥ ለማስገባት ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ማንሣት ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። እግራቸውን ባነሣሁ ቁጥር አባቴ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቢያንስ የማስታውስ ይመስለኛል።

አባቴ አቃቂ ባቡር ጥገና ውስጥ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ሰው ናቸው። ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር በየወሩ፣ በየቤቱ በተራ የሚጠጡት የሚካኤል ማኅበር አላቸው። ከማኅበርተኞቹ አንዳንዶቹ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ኮዬ ፈጬ ገብተዋል። አባቴ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ወር ተከታትለው ከማኅበሩ ቀሩ። የመጀመሪያውን በጉንፋን፣ ሁለተኛውን በዝናብ አመካኙ። እኔ ግን እግራቸውን ሰው ሲያነሣላቸው ጓደኞቻቸው እንዳያዩ አፍረው ነው ብዬ ደመደምሁ። ሦስተኛውንም ከቀሩ እስከ ወዲያኛው መቅረታቸው ነው የሚል ስጋት ያዘኝ።

መኪናዋን ቃሊቲ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ ክብደቷን የሚሸከሙትን አራት ሞላዎች አወጣና ከእያንዳንዳቸው አንድ ዙር ተኩል ቆርጦ መልሶ ገጠማቸው። ከዚያ በጎማውና ከላዩ በሚሸፍነው ፓራፋንጎ መካከል ጣቶቹን ሰድዶ፣ «ሦስት ጣት ያስገባል፤ አይነካም» አለኝ። «ስንት ሰው ነው የምትጭነው?» ብሎም ጠየቀኝ፤ እኔም «አባቴን ብቻ» አልሁት። ይህን በእርግጥ ጠይቆኝ እንደሆነ፣ ወይስ ጥፋቱን ከእርሱ ላይ ለማንሣት እኔው በኋላ የጨመርሁት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። መልሴን ግን አልጠራጠረውም፤ በዚያ ሰሞን በሐሳቤ የነበሩት አባቴ ብቻ ነበሩ። አባቴ ብቻቸውን ማኅበር ሄደው እንደማያውቁ ከእኔ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሰው አልነበረም።

በማኅበሩ ቀን በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ተቀመጡ፤ ከዚያ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው በላይ ጨብጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ ጎተቱ። «ይኸው!» አሉ። ደስታዬ ከሰፈራችን እስክንወጣ ድረስ ብቻ ቆየ። ሦስት ጓደኞቻቸው ጋቢ ለብሰው መንገድ ዳር ይጠብቁን ነበር፤ ለካ አባቴ ሁሉንም ቀጥረዋቸዋል። ሦስቱ ከኋላ ሲገቡ የመኪናዋ ጀርባ ቁጭ አለ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጥ ይፍቅ ጀመር፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታም ገባ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ በስተግራ የተቀመጡት።

«ካልሲህ ነዋ!» አሉ መካከል ላይ የተጣበቡት።

የወሩ ተረኛ ወደሚኖሩበት ኮዬ ፈጬ ስንደርስ፣ በመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የመኪናዋ ሆድ አስፋልቱን ሲመታ የሁላችንም ጥርስ ተጋጨ። በሥራ ዘመናቸው የሌሎቹ ኃላፊ የነበሩት፣ እስከ ዛሬም «አለቃ» የሚባሉት ሽማግሌ፣ «አቁም ልጄ! ጭነት ይቀነስ!» ሲሉ አዘዙ። በሁለተኛው ጉብታ ላይ ሦስቱ ወርደው በእግራቸው ተሻገሩ። እኔ አባቴን ብቻ ይዤ መኪናዋን በሰያፍ አሳለፍኋት።

«ሙሽሪት ትለፍ!» አሉ አለቃ፣ ዱላቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው።

«ቬሎዋን ያዝላት እንጂ!» አሉ ሌላው።

አባቴም ሳቁ። ሦስቱ ተመልሰው ገቡ፤ በሚቀጥለው ጉብታም ወረዱ። በዚህ ጊዜ አባቴ አልሳቁም። አለቃ አንድ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ከመኪናዋ ለመውረድ ሲታገሉ አባቴ በመስታወቱ ያዩዋቸው ነበር። ይህ የሆነው በሦስተኛው ጉብታ ላይ ይመስለኛል፤ እህቴ ግን ከአባቴ እንደሰማሁት በአምስተኛው ነው ትላለች።

«እነሱ በእግራቸው እየሄዱ እኔ ተቀምጬ አላልፍም» አሉ አባቴ። «ወይ መኪናዋን እንደ ድሮዋ አድርጋት፤ ወይ እኔን ከዛሬ ወዲያ ተወኝ።»

«ከፍ ካለች እንዴት ይገባሉ አባባ?»

«ያን ጊዜ ታያለህ።»

የተቆረጠ ሞላ አያድግም፤ ያገለገሉ ነገር ግን ያልተቆረጡ ሌሎች ሞላዎች ፈልጌ አስገጠምሁ። በቀጣዩ ወር ሦስቱ ሽማግሌዎች እቤታችን ድረስ መጡ። አባቴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እንደ ልማዴ ዞሬ ወደ እርሳቸው ስሄድ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«አለቃ፣ ና እስቲ ይቺን እግር አስገባልኝ።»

አለቃ ዱላቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው ጎንበስ አሉ። የአባቴን ተረከዝ በአንድ መዳፍ፣ ባታቸውን በሌላው ያዙ። «ይቺ እግር ድሮም ሥራ ስትባል ይከብዳት ነበር» አሉ።

«አለቃዋ ሰነፍ ሆኖባት ነዋ!» አሉ አባቴ።

ሁሉም ሳቁ። መንገዱን ስለዘጋን ከኋላችን አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋ ነበር፤ አለቃ ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እግሩን ወለሉ ላይ አሳርፈው፣ የአባቴን ሱሪ ጫፍ አስተካክለው፣ በሩን ዘጉ።

መንገድ ላይ፣ ከኋላ ያሉት በራሳቸው ወሬ ተጠምደው ሳለ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እኔ ሳነሣልዎት ግን ይከፋዎት ነበር» አልኋቸው።

«አንተ ትቸኩላለህ» አሉ። «ማን አየኝ እያልክ ግራ ቀኝ ትላለህ። እሱ አይቸኩልም።»

እነዚያን ቀናት አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርሁ፤ ትዝታዬ የአባቴን ፊት እንጂ የእኔን አያሳየኝም። የዚያም ወር ተራ ኮዬ ፈጬ ነበር፤ ጉብታዎቹን አራቱም ሽማግሌዎች እንደ ተቀመጡ ተሻገርን።

ማኅበሩ አብቅቶ ስንወጣ አባቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ አለቃ ዱላቸውን ለጓደኛቸው ሊያቀብሉ ሲሉ ቀደምኋቸው። ከሕንጻው ሥር ሰው ተሰብስቦ ያወራ ነበር። ጎንበስ ብዬ የአባቴን ተረከዝ በመዳፌ ያዝሁ።

«ቀስ» አሉኝ።

ቀስ አልሁ።