ሃያ ባዶ ሳጥን

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቆጣሪዋ» ይሏታል። ዕቃ መላኪያ ድርጅት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስልክ አንስታለች፣ መስኮት ላይ ደንበኛ አስተናግዳለች፤ ዕቃዬ መቼ ይደርሳል ላለ ሁሉ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቀን ታነባለች። እስከ ድንበሩ ከተማ ሦስት ቀን ይላል። እሷም ሦስት ቀን ስትል ኖረች።

እዚያ ከተማ የስኳር ሕመምተኛ አክስት አሏት። ኢንሱሊኑን በየወሩ የምትልክላቸው እሷ ናት፤ ኮምፒውተሩን ስለምታምን ሳጥኑ ውስጥ የአራት ቀን በረዶ ትጠቀጥቃለች። በብርዱ ወራት ችግር አልነበረም። ሙቀቱ ሲመጣ ግን ሳጥኑ በአምስተኛው ቀን ደረሰ፣ መድኃኒቱ ተበላሽቶ። አክስቷ ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተኙ። «አንቺ ምን ታደርጊ የኔ ልጅ» አሏት በስልክ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ለአክስቷማ በረዶ መጨመር ቀላል ነው። ሦስት ቀን እያለች ያሰናበተቻቸውን ሌሎቹንስ? ጥርሷን ነክሳ ተነሳች። በየጠዋቱ አንድ ባዶ ሳጥን ለአክስቷ ላከች፤ እሳቸው እጃቸው የገባበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ።

«ጎረቤቱ ሁሉ ምን ነካት እያለ ነው፤ እኔም ምን እንደምመልስ ጨንቆኛል!» እያሉ አክስቷ በስልክ ቢስቁባትም አንዱንም ሳይጽፉ አላለፉ።

ሃያው ሳጥን ሲያልቅ አክስቷ ደብተሩን ላኩላት፤ ከመኪናው መዝገብ ጋር ስታስተያየው የኮምፒውተሩ ጉድ ወጣ። ለካ ቆጠራውን የሚጀምረው መኪናው ሲነሳ ነው፤ ዕቃው ግን መኪናው እስኪሞላ አንድ ቀን ይጠብቃል። የሚያቆመውም መኪናው እዚያ መጋዘን ሲገባ ነው፤ ከመጋዘኑ እስከ ሰው ቤት ሌላ አንድ ቀን አለ። እነዚህን ሁለት ቀናት የሚቆጥራቸው የለም። ደብተሩ ራሱ የደረሳት በአምስተኛው ቀን ነበር።

ሥራ አስኪያጁን ወደ መስኮቷ ጠርታ ደብተሩን ፊቱ ዘረጋችለት።

«አምስት ካልን እኮ ደንበኛው ሌላ ጋ ይሄዳል!» ብሎ ጮኸ።

«ይሂድ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት አልልም።»

ለመናት፣ አስፈራራት። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ «እንግዲያው ከወንበሩ ተነሺ!» አላት። ተነሳች። ሥራዋን መውደዷን ያን ጊዜ አወቀችው። የሚተካት ሰው ስላልነበረ በንዴት ራሱ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ።

ወዲያው አንዲት ሴት የበረዶ ሳጥን አቅፋ መጣች።

«የልጄ መድኃኒት ነው፤ ድንበር ድረስ በስንት ቀን ይደርሳል?»

ኮምፒውተሩን አየ። ደብተሩን አየ። ሴትየዋን አየ።

«ሦ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። «አምስት ቀን። በረዶ ይጨምሩበት።»

ሴትየዋ አመስግና በረዶ ልትጨምር ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገና ቀና ብሎ ሳያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ነይ ተቀመጪ። ቁጥሩንም አስተካክይው።»

ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ብላ ቁጥሩን ለወጠችው።